የድምፁ ባለቤት

ዘካሪያ ስብሰባ ካለው ሸሚዝ ይተኩሳል። ስብሰባው በኢንተርኔት ነው፤ ከደረት በታች የሚያየው የለም፤ እሱ ግን ሱሪውንም ይተኩሳል። የማይታየው ሁሉ እንዳይታይበት የሚጨነቅ ሰው ነው።

ሥራው ግን የሚያስመሰግን ነበር። ለኮምፒውተር ጨዋታዎች ድምፅ የሚያቀናብር፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚያሻሽለው ሶፍትዌር አለ፤ በየክረምቱ ተማሪዎች በአማካሪ እየታገዙ አንዳንድ ነገር ይጨምሩበታል። ዘንድሮ ዘካሪያ እምነት ለምትባል ተማሪ አማካሪ ሆነ። እምነት የገላን ኮንዶሚኒየም ልጅ ናት፤ ሐሳቧ አያልቅም። "ይሄ ለአንድ ክረምት ይበዛል፣ ይሄን ለከርሞ" እያለ ዕቅዷን ከረከመላት። የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር፤ ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ብቻ ታክሲውን ያገኛል። ተሳፋሪ የሚጠራው ድምፅ ሲርቅ ይሳሳል፣ ሲቀርብ ይጎላል።

ዕቅዱ በሚጸድቅበት ስብሰባ እምነት ሳሪስ አቦ ታክሲ ተራ ላይ የቀዳችውን ናሙና አሰማች።

"ገላን! ገላን ኮንዶሚኒየም! ሁለት ሰው የቀረው! ግቡ፣ ግቡ!"

ጎርናና፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ። ዘካሪያ ክው አለ። ያደገው በዚህ ድምፅ ነው፤ የተማረውም፣ ኮምፒውተር የተገዛለትም ይኸው ድምፅ ባመጣው ነው። አባቱ አቶ ሙሀመድአወል ሳሪስ አቦ ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ ናቸው። ለባልደረቦቹ ግን "ነጋዴ ናቸው" ብሏል።

ሁሉም ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ወደውት ነው።

"ለሁሉም በነፃ ስለምንለቀው የባለድምፁ ፈቃድ ያስፈልገናል፤ ስሙም ይጻፋል" አለ አስተባባሪው ፈርሃት። "ዘኪ፣ አንተ የሳሪስ ልጅ አይደለህ? ሰውየውን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።" ይህ አልበቃ ብሎት "ደግሞ ድምፁ ይሻክራል፤ ሌላ ሰው ብንፈልግ ይሻላል" ብሎ ጨመረበት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ኮምፒውተሩን ዘግቶ በራሱ አፈረ፤ አፍሮም ቁጭ አለ እንጂ ለፈርሃት ደውሎ ቃሉን አላነሳም።

እምነት ግን ያንን ድምፅ ልትተው አልፈለገችም። በማግስቱ ሳሪስ አቦ ሄዳ ሰውየውን አገኘቻቸው። ዘካሪያ ይህን የሰማው ራት ላይ፣ ከራሳቸው ከአባቱ ነው።

"ዛሬ አንዲት ልጅ ድምፅዎን ለጌም እንውሰደው ብላ መጣች" አሉ። ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ስለሚውሉ ማታ ድምፃቸው አይወጣም፤ ጠጋ ብሎ ነበር የሚሰማቸው። "የሚመራት ልጅ ዘካሪያ ይባላል አሉ፣ የሳሪስ ልጅ። እሱ አላውቃቸውም ስላለ ነው ራሷ የመጣችው።"

ዘካሪያ እጁን ከማዕዱ ሰበሰበ። "አባዬ…"

"እኔም አላውቀውም አልኳት።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ! ወጡን ወደ እሱ በኩል ገፋ አደረጉለት።

"ድምፁን ውሰጂው አልኳት፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስሰጠው የኖርኩት ነው። ስሜን ብትጠይቀኝ ግን አልነገርኳትም። ያንተ ስም የእኔን አስከትሎ አይደል የሚጻፈው? ሰው አይቶ እንዳያገናኘን ብዬ ነው።"

ዘካሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"ብላ እንጂ ልጄ" አሉት አባቱ።