የስምንት ሰዓቱ ልኬት

ነርሷ የስምንት ሰዓቱን ትኩሳት ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጻፈችው። ዘጠኝ ቁጥር አልጋ፣ ሠላሳ ስድስት ከስምንት። ጠዋት ሠላሳ ስድስት ከዘጠኝ ስለነበር፣ የተገለበጠ እንዳይመስል አንዲት ነጥብ ቀነሰችለት። የልብ ምቱንና የደም ግፊቱንም ከጠዋቱ ጋር አቀራርባ ሞላችና ወደ ቀጣዩ ፋይል አለፈች። አሥራ ሁለት አልጋ በአምስት ደቂቃ ተለክቶ አለቀ፤ አንድም ሰው ሳይነካ።

“ኧረ ፍጠኚ፣ ያረፈደ አይገባም ተብሏል” አሉ የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ከኮሪደሩ።

“መጣሁ፣ መጣሁ።”

ሥልጠናው ግዴታ ነበር። ርዕሱ በአዳራሹ በር ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ “የሕክምና ባለሙያዎች ድካምና መፍትሔው” ይላል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርሶች በሁለት ዙር እንዲገቡ ተደልድለው እሷን የመጀመሪያው ዙር ደረሳት። እሷ ስትሠለጥን ታካሚዎቿን የሚለካላት ሰው ግን አልተደለደለም። ክፍሉ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነርስ ሃያ አራት አልጋ ታቅፋለች። ቀድሞ መሙላትን እሷ አልፈጠረችውም። ሥራ ሲደራረብ ሁሉም ያደርገዋል፤ በኋላ ዞረው ይለካሉ፣ ቁጥሩ ከተለየም ያስተካክላሉ። እሷም ያሰበችው እንደዚያ ነበር።

አሠልጣኙ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። “ዓይናችሁን ጨፍኑና በረጅሙ ተንፍሱ” ሲላቸው፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ነርስ እንደጨፈነ ቀርቶ ማንኮራፋት ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ከአንገት በላይ ሳቀች። ከዚያ መጠይቅ ታደለ። “ታካሚ ሲሠቃይ ሲያዩ ምን ያህል ይሰማዎታል?” ይላል አንዱ ጥያቄ። እሱ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

ጠዋት የዘጠኝ ቁጥሯ እማማ ልጅ ኮሪደር ላይ ተጠምጥማባት አልቅሳ ነበር። እናቷ የሐሞት ከረጢታቸው ከወጣ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ወደ ቤት መመለሻቸውም ተቃርቧል። የልጅቷ ለቅሶ የደስታ ይሁን የድካም ለራሷም አልገባትም። ነርሷ ጀርባዋን እየደባበሰች “አይዞሽ” ትላለች፣ ዓይኗ ግን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ይቺ ልጅ ስንት ደቂቃ ልታለቅስ ነው እያለች ትቆጥር ነበር። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ሆዷ ባብቶ መድኃኒት ክፍል ገብታ የምታለቅስ ሴት ነበረች። አሁን ምንም አልተሰማትም። ያ ምንም አለመሰማት ነው ያስፈራት፤ ሳታውቀው ክፉ ሰው የሆነች መሰላት። ቢሆንም ከላይ እስከ ታች “መካከለኛ” የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ መጠይቁን መለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ክፍሏ ስትመለስ እማማ የቤት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻርፕ ጠምጥመው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው የቦርሳውን ዚፕ ትታገላለች።

“ሲስተር፣ ሳንሰናበትሽ ልንሄድ ነበር” አለች ልጅቷ። “ዶክተሩ ቁስሉን ጠዋት አይቶታል። አሁን ደግሞ ወረቀቱን አየና፣ ትኩሳትም የላቸው፣ ግፊታቸውም ጥሩ ነው፣ ቤታቸው ያገግሙ አለን። ታክሲው በር ላይ ቆሟል።”

“የቱን ወረቀት?”

“አንቺ የሞላሽውን ነዋ።”

ወደ እማማ ዞረች።

“እስቲ እጅዎን” አለቻቸው። እማማ ልትሰናበታቸው መስሏቸው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። እጃቸው ይፋጃል።

“ይበርድዎታል?”

“ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል” አሉ እማማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። “ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ልጄ እንዳትሰማ። ቤቴ ናፍቆኛል።”

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ከሰባት አለ። ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

“ታክሲውን መልሺው” አለቻት ልጅቷን።

“ለምን? አሁን ደህና ናቸው ተብለን?”

“ትኩሳት አላቸው። ቁስላቸው እንደገና መታየት አለበት።”

ፋይሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ሄደች። ዚፑ እሺ ብሎ ቢዘጋስ ኖሮ? ሩብ ሰዓት ብቻ ብትዘገይ፣ እማማ በዚህ ትኩሳት ቤታቸው ገብተው፣ ልጅቷም ድካም ነው ብላ ብርድ ልብስ ደርባላቸው… የቀረውን ማሰብ አልቻለችም።

“ዘጠኝ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ከሰባት ናቸው” አለች ለሜትሮኗ። “የስምንት ሰዓቱን አልለካሁትም። የአሥራ ሁለቱንም አልጋ ዝም ብዬ ነው የሞላሁት።”

ሜትሮኗ ስልኩን አንሥተው ዶክተሩን ጠሩ። ዘግተው ሲያበቁ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ። በነርሶቻቸው የሚመጣባቸውን ሰው የማይወዱ፣ ተቆጥተው ጥፋታቸውን የሚሸፍኑላቸው ሴት ናቸው።

“ስሚኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “የዘጠኝ ሰዓት ብለሽ የአሁኑን ጻፊ። ትኩሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊነሣ ይችላል፣ ያለ ነገር ነው። የስምንቱን ተይው። ማን ይጠይቅሻል?”

“እሱ ነው ያስፈራኝ። ማንም አይጠይቀኝም።”

“ከሥራ ሊያስወጡሽ ይችላሉ እኮ። የልጆች እናት ነሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምን ነካሽ?”

“ደክሞኛል” አለች። “ተኝቼ ስነሣ የሚለቀኝ ድካም አይደለም። ጠዋት ልጅቷ ስታለቅስብኝ ሰዓት እያየሁ ነበር። ሰው እየነካሁ ሰው የነካሁ አይመስለኝም። ይህን ዛሬ ካለፍኩት ነገም እሞላዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም።”

“ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?”

“መቼ ልንገርዎት? እርስዎስ መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ?”

ነርሷ የዘጠኝ ቁጥርን ፋይል ከብብቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ ከሥር ያለው እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሠረዛል። ሠላሳ ስድስት ከስምንትን ሠረዘችው። ከጎኑ “አልተለካም” ብላ ጽፋ ሙሉ ስሟንና ሰዓቱን አሰፈረች። ከዚያ የቀሩትን አሥራ አንድ ፋይሎች ወደ ራሷ ሳበች።

“ያንዱ ይበቃል” አሉ ሜትሮኗ።

“አይበቃም።”

የመጨረሻውን ስትሠርዝ ዶክተሩ ጋዋኑን እየቆለፈ እየሮጠ ደረሰ።

“ስምንት ሰዓት ላይ ደህና አልነበሩም እንዴ?”

“አልለካኋቸውም። ስለ ድካም ሥልጠና ላይ ነበርኩ።”

የምትቀልድበት መስሎት ፊቷን አየ። አለመቀለዷን ሲረዳ ፊቱ ጠቆር አለ። “ይሄን ነገር በኋላ ከበላይ ጋር እናየዋለን” ብሏት ወደ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ገባ። በኋላ ምን እንደሚመጣባት አላወቀችም። የግፊት መለኪያውን አንሥታ ወደ ክፍሉ መግቢያ ሄደች። ሜትሮኗ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፋይሎቹን ታቅፈው፣ “አንቺ ለኪ፣ እኔ እጽፋለሁ” ብለው ተከተሏት።

አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት አዛውንት ሲያዩዋት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

“እኔማ ዛሬ ረሳችኝ ብዬ ነበር” አሏት እየሳቁ።

“እንዴት እረሳዎታለሁ” የሚለው የዘወትር መልሷ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

“ረስቼዎት ነበር፣ አባባ” አለች፣ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እየጠቀለለች።