አልጋ ላይ የቆመው አውቶቡስ

ሚስቱ እንደምትለው፣ ሰዓት እላፊው ከታወጀ ወዲህ ሹፌሩ አንድም ሌሊት ከሥራ አልቀረም። በጀርባው ይተኛል፣ ሁለት እጆቹን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አየር ላይ መሪ ይጨብጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ አውቶቡሱ ይነሳል። ማርሽ ሲቀይር ክርኑ ጎኗን ይጎሽማታል። ፍሬን ሲይዝ ቀኝ እግሩ ባቷን ይረግጣታል። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በሩ ላይ አትቁሙ» ይላል። ፌርማታዎቹን በየተራ ይጠራል። አንዳንዴ እሷም እንቅልፍ አልወስድ ሲላት «ወራጅ አለ» ትለዋለች፤ ቀስ ብሎ ጥግ ይዞ ያቆምላታል።

ሹፌሩ እንደሚለው ግን ይሄ ሁሉ ፈጠራ ነው። እሱ ትራስ ከነካ ድንጋይ ነው፤ እስኪነጋ አይገላበጥም። ሕልም የምታየው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ጭምብል ስትሰፋ ትውልና የስፌት መኪናዋ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ እየዞረ ማታ አውቶቡስ ይመስላታል።

«ባቴ ላይ ያለውን ሰንበርስ የስፌት መኪናው ነው የረገጠው?» አለች ሚስቱ።

ይህ ሁሉ የሚባለው በምሳ ሰዓት፣ በታላቅ ወንድሟ ፊት ነበር። ወንድሟ መድኃኒት ቤት አለው፤ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ራቅ ብሎ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፣ ሳህኑንም እዚያው ይቀበላል። ሁለቱም ፍርድ እንዲሰጥ አዩት።

«እኔ መድኃኒት ነው የምሸጠው» አለ። «የትራፊክ አደጋ አልመረምርም።»

ሹፌሩ ከተጋቡ ጀምሮ የሚነዳው የመጨረሻውን አውቶቡስ ነበር። እሱ ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ እሷ ስትነሳ እሱ ተኝቷል። አንዱን አልጋ በፈረቃ ነበር የያዙት። ቤቱን በሌሊት አያውቀውም። አሁን ግን አወቀው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚንሳፈፈውን የጨረቃ ብርሃን፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝም ሲል ክፍሉ ሁሉ እፎይ የሚለውን ነገር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስቱ ጨለማ ውስጥ ብቻ የምታወራውን ወሬ። ቀን የማይወጣት ነገር ማታ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ይወጣታል፤ ስለ ልጅነቷ፣ ስለምትፈራው፣ አንድ ጊዜ አይታው ስለማትረሳው ሰማያዊ በር። እሱ እየሰማ፣ አልጋው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ በዝምታው ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ሰው ሁሉ ሰዓት እላፊውን ሲያማርር እሱም አብሮ ያማርራል፤ ሆዱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ባያልቅ ይላል። እንዲህ በማሰቡም ያፍራል፤ የማታ ተረኛ ጓደኞቹ ሥራ ፈትተው የአውቶቡሶቹን ጎማ እየዞሩ ሲያዩ ነው የሚውሉት።

ክርክሩ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል። በሬዲዮ፣ በዳቦ ወረፋ፣ ከመስኮት መስኮት ሌላ ወሬ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዓት እላፊው ይራዘም ወይስ ይነሳ በሚለው ላይ ሕዝቡ በከተማው አዳራሽ ሊነጋገር ነው። ሹፌሮቹ «ይነሳ» እንዲልላቸው የመረጡት እሱን ነው። «ይራዘም» ከሚሉት ተናጋሪዎች አንዱ ደግሞ ይኸው መስኮት ሥር የተቀመጠው አማቹ ነው።

«እስቲ ንገረኝ» አለው ሹፌሩ። «ይሄ ቫይረስ ሰዓት አስሯል? ቀን አብሮን ወረፋ ላይ ይውልና ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው ሥራ የሚገባው?»

«እሱ አላሰረም፤ ሰው ነው ያሰረው። ሲመሽ ሰው ይሰበሰባል፣ ይጠጣል፣ ይጠጋጋል፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ ያወርዳል። በጊዜ ከገባ ግን ከሚስቱ በቀር ማን ላይ ያስነጥሳል?»

«እኔን ይረግጠኛል እንጂ አያስነጥስብኝም» አለች ሚስቱ።

ሳቁ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ ጨርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይልቅ ጋሼ ባለበት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁልጊዜ አንድ ፌርማታ ላይ ስትደርስ ትቆምና በቃ፣ አትነሳም። ‹ቆይ፣ ትመጣለች› ትላለህ። እስኪነጋ እዚያው ነህ። ማናት?»

«ማን?»

«እኮ ማን? የምትመጣዋ።»

ወንድሟ ሳህኑን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞሮ ውጭውን በጣም ማየት ጀመረ።

ሹፌሩ «ደግሞ አሁን ምን አመጣሽ» ሊል አፉን ከፈተ። ግን «ቆይ፣ ትመጣለች» የሚለው ነገር ከውሃ ሥር እንደሚነሳ ዕቃ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጣበት። የሆስፒታሉ ፌርማታ። ከጓሮው በር አንዲት ሴት ትሮጣለች፣ አንዱን ጫማዋን በእጇ ይዛ። ትኬት ቆራጩ «አለቃ፣ እንሂድ እንጂ» እያለ ይነጫነጫል። እሱ መስታወቱን እንደሚወለውል ሆኖ ያዘገያል። ሴትየዋ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ትገባለች፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። በቃ። ለዓመታት ይኸው ነበር።

«የሆስፒታሏ ሴትዮ ናት» አለ። «ስሟን አላውቀውም። ጫማዋን ነው የማውቀው።»

«ጫማዋን» አለች ሚስቱ። «ጥሩ። ነገ ጫማዋን አብረን እናያለን።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሄዱ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከጓሮ ነው፤ እንፋሎቱ በመስኮቶቹ እየወጣ ግቢውን ደመና ውስጥ ያለ አስመስሎታል። ገመድ ላይ የተሰጡት አንሶላዎች ነፋስ ሲነካቸው ይነፋሉ፣ ይረግባሉ፣ ልክ እንደሚተነፍሱ። ከመሃላቸው አንዲት ሴት ቅርጫት ታቅፋ ብቅ አለችና ቆመች።

«የመስታወቱ ሰውዬ» አለች። «ሁልጊዜ በመስታወቱ ዓይንህን ብቻ ነው የማየው። ጭምብል ማድረግህ ጠቀመኝ።»

ሹፌሩ እግሯን አየ። ሁለቱንም ጫማ አድርጋለች፤ የምትሮጥለት አውቶቡስ የለም።

«እህቴ» አለች ሚስቱ፣ የመጣችበትን ነገር እዚያው ረስታ፣ «አሁን ማታ ማታ በምን ትሄጃለሽ?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው። የይለፍ ወረቀቱን ሰጥተውኛል፤ ወረቀት ላይ ተቀምጬ አልሄድ። እዚሁ አንሶላ ላይ አድራለሁ። የታጠበው ላይ ነው፣ አይዞሽ።» ሳቀች። «እኔስ ግድ የለኝም። እናቴ ናት ያስቸገረችኝ። አርጅታለች፣ ነገር ይምታታባታል፤ እኔ መጥቼ በር ሳላንኳኳ አትተኛም። ጎረቤት ስልክ ይይዝላታል፣ እኔ ደግሞ እዚህ ጠረጴዛውን አንኳኳላታለሁ። ‹ገባሽ?› ትለኛለች። ‹ገባሁ› እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ታምነኛለች።»

«ነገ አዳራሹ ውስጥ ‹ይነሳ› ብዬ ልናገር ነው» አለ ሹፌሩ። «ይነሳና ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ሴትየዋ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች።

«በእኔ ስም ይነሳ እንዳትል። አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝ። ሰዓት እላፊው ሲጀመር የቆሻሻው ክምር እዚህ ድረስ ነበር» አለችና እጇን ከራሷ በላይ ዘረጋች። ከዚያ ወደ ወገቧ አወረደችው። «አሁን እዚህ ነው። ምኑ እንዳወረደው ዶክተሮቹ ይወቁት፤ እኔ ግን እንደገና ሲወጣ ማየት አልፈልግም። መንገዱ ዝም ይበል። እኔም ቤቴ ልግባ። ሁለቱን አንድ ላይ መመኘት ነውር ነው?»

ቅርጫቷን አንስታ ወደ እንፋሎቱ ገባች፤ አንሶላዎቹም ከኋላዋ ተዘጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ሻይ እየቀዳችለት የሌሊቱን ነገረችው። «ትናንት አንድም ፌርማታ አልጠራህም። መሪውን ይዘህ ዝም። ‹ወራጅ አለ› ብልህም አልሰማኸኝም።»

በዚህ ጊዜ አልተከራከራትም።

«ምን እንደምታስብ አውቃለሁ» አለች። «አልከለክልህም። ግን ማታ ማታ ቤት መሆንህን ለምጄዋለሁ። የምትናገረውን ይሄንንም አስበህ ተናገር።»

«እኔም ለምጄዋለሁ» አለ። የበለጠ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ቀን ሆነና አልወጣ አለው።

የአዳራሹ መስኮቶች ሁሉ ተከፍተዋል፤ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ ወለሉ ላይ ረዘም ረዘም ብላ ተኝታለች። አንድ ሰው ተናግሮ በወረደ ቁጥር አስተናባሪዋ ማይክሮፎኑን በጨርቅ ትወለውላለች፤ ጨርቁ ማይክሮፎኑን ሲነካው አዳራሹ ውስጥ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። አማቹ በእርጋታ ተናገረ፤ አንድ ቀን መድኃኒት ገዝተው ዳግም በሕይወት ስላልታዩ ደንበኞቹ ሲያወራ የተቃወሙት እንኳን አንገታቸውን ደፉ። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ወጣች፤ ማታ የሸጠችውን ነበር ጠዋት ልጆቿ የሚበሉት አለች፣ ያኔም አንገት የደፋ ብዙ ነው። ሹፌሩ ሁለቱንም ሰማ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አይዋደዱም።

«ሹፌሮችን ወክሎ የሚናገር» ተባለ።

ከኋላ ትኬት ቆራጩ «አለቃ፣ ቶሎ በልልን!» ብሎ አጨበጨበ። ሹፌሩ ወጥቶ ቆመ። ማይክሮፎኑን ሲጨብጠው ሁለት እጁን ነበር ያነሳው፤ ራሱን አየና አፈረ። አዳራሹ ሁሉ በረድፍ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሆኖ ታየው፤ እንዲነሳለት የሚጠብቅ። ሚስቱን ፈለጋት። መስኮቱ አጠገብ ከወንድሟ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ለረጅም ጊዜ አየችውና ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ ከወለሉ ላይ አነሳች፣ ፍሬን እንደሚለቅ ሰው።

«ጓደኞቼ ይነሳ በልልን ብለው ነው የላኩኝ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልልም። ይራዘምም አልልም፤ እሱን እናንተ ተነጋግራችሁ የምትደርሱበት ነው። እኔ ቤቴ ማደር ምን እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ በሽታ ምክንያት ነው፣ እና ወድጄዋለሁ፤ ይሄን ሚስቴ ታውቃለች። ግን ይለፍ ተሰጥቷቸው የሚሄዱበት ያጡ ሰዎች አሉ። በር እስኪንኳኳ የማይተኛ ደግሞ ቤት አላቸው። አንድ አውቶቡስ ስጡኝ፤ ሰው ተራርቆ ይቀመጥበታል፣ ሰዓት እላፊው ቢነሳም ባይነሳም። ሌላ ሹፌር እንዳትፈልጉ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የመጨረሻውን አውቶቡስ የምነዳው እኔ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ፌርማታ ላይም እስክትመጣ እጠብቃለሁ።»