ማኅተም ያረፈበት ሰላምታ

ጓድ ወልደአማኑኤል ስዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። የሣለው ሙሉብርሃን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ፤ ናዝሬት ውስጥ ፀሐይን እንደሱ አድርጎ የሚያወጣ ሌላ ሰው የለም። ከገጹ ግርጌ ቀይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ጨረሮቿ እስከ ላይ ድረስ ይዘረጋሉ፣ በየጨረሩ ውስጥ ደግሞ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ እየተጣመመ ይሄዳል፤ ደቃቅ ነጭ ፊደል በቀይ ላይ። ጥጉ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኮሚቴው ክብ ማኅተምና የኃላፊው የራሱ የጓድ ወልደአማኑኤል ፊርማ አርፎበታል።

«ልክ እንደዚህ» አለኝ። «ፀጉር ታህል እንዳይዛነፍ።»

እኔ ዘውድነሽ ያን ጊዜ በአንድ በተወረሰ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደል ከሳጥን አንድ በአንድ እያነሳሁ ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ እሠራለሁ። ሰዓሊ በብሩሽ ያሻውን ያደርጋል፤ ማንም አይከለክለውም። እርሳስ ግን ቀጥ ብሎ መቆም ነው የሚወደው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

የመጣው ስዕል የመሠረተ ትምህርት ማንበቢያ ገጽ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ገጹ በየቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ ድረስ። ተማሪው ስሙ ሲጠራ ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከገጹ ፊት ወለሉ ላይ ከተሰመረው መስመር ቆሞ ያነባል። ያነበበ አለፈ፤ ያላነበበ ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል።

ከሚጠሩት አንዷ እናቴ ተሻለች ነች። ወንድሜን አለማየሁን ጦር ግንባር ወስደውት ነበር፤ ደብዳቤ ሲልክ የሚያነብላት የቀበሌው ጥበቃ ነው፣ እዚያው በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ። እኔ አለሁልሽ፣ ወደኔ አምጪው ብላት እምቢ አለች። «አንቺም ሰው ነሽ» አለችኝ። «የልጄ ሰላምታ በሰው አፍ ተላምጦ ነው የሚደርሰኝ። በራሴ ዓይን ላየው እፈልጋለሁ።» ለዚህ ነበር ከቀትር በኋላ የምትቸረችርበትን በረንዳ ዘግታ፣ ሽንኩርትና ቃሪያዋን ለጎረቤት ትታ ትምህርት ቤት የምትቀመጠው።

ደግሞ ታነባለች! የአውቶቡስ ስም ታነባለች፣ የሱቅ ሰሌዳ ታነባለች፣ የስኳር ጆንያ ላይ ያለውን ታነባለች። ባለፈው ዙር ግን አዳራሹ ውስጥ የሰቀሉት ገጽ እንዲሁ ያጌጠ ነበር፤ ፊደሉ በቀለም ተውጦ፣ ስዕል ላይ ወጥቶ። እናቴ ከፊቱ ቆመች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «ተቀመጪ» አሏት፤ ተቀመጠች። ቤት ስንገባ ነጠላዋን እያጣጠፈች «የፊታችንን ዙር እሞክራለሁ፤ አሁንም ካቃተኝ ግን ሁለተኛ ሰው ፊት አልቆምም፣ ይቅርብኝ» አለች። እናቴ አንዴ ይቅርብኝ ካለች ቀረ ማለት ነው፤ ሥጋ እንኳ እንደዚያ ብላ ትታ፣ ከዓመታት በኋላ እስክትሞት አልቀመሰችም።

እንግዲህ ስዕሉን ብወደውም ደሜ የፈላው ለዚህ ነው።

«ይሄ አይለቀምም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው አይለቀምም?»

«መስመሩ ጠማማ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ቀይ ላይ ነጭ ነው። የዘመቻው መመሪያ ምን ይላል? ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ መስመሩ ቀጥ ይበል፣ ጥቁር በነጭ ይሁን፣ ጽሑፍ ስዕል ላይ አይውጣ ነው የሚለው። ስዕሉ ቢነሳ እንኳ ጽሑፉ ብቻውን ቆሞ መነበብ አለበት ይላል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ያከፋፈሉን?»

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ገሠሠ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው ሳል ያዛቸው። ጋሽ ገሠሠ ፍርሃት ሲይዛቸው ያስላሉ።

ጓድ ወልደአማኑኤል ፈገግ አለ። «መልቀም ምን አስፈለገ? ስዕሉን እንዳለ ክሊሼ አሠሩት። ፊደሉም ፀሐዩም አንድ ላይ ይታተማል፤ አለቀ።»

ክሊሼ የሚሉት ስዕሉ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ ነው። ለፀሐይ ጥሩ ነው፤ ለደቃቅ ፊደል ግን መርዝ ነው፣ ቀለሙ ገብቶ የፊደሉን ሆድ ይደፍነዋል። ክርክሩን ተውኩትና አሠራሁት። በማግስቱ ማሽኑን የሚይዘው ጉተማ አንድ ቅጠል ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ጓድ ወልደአማኑኤል ሲመጣ ግድግዳው ላይ በትንሽ ሚስማር መታሁትና፣ እናቴን በሚያቆሟት ርቀት ላይ ወንበር አስቀምጬ «እስቲ ያንብቡት» አልኩት።

ዓይኑን አጠበበ። አንገቱን ወደ ጨረሩ አዘነበለ። ከዚያ ወደ ገጹ ሊጠጋ ሲል «አይ፣ ከመስመሩ ማለፍ አይፈቀድም፤ እናቶቻችንም አልተፈቀደላቸውም» አልኩት። ጋሽ ገሠሠን ሳል ያዛቸው። ጉተማ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«እሺ» አለ ጓድ ወልደአማኑኤል በመጨረሻ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ቅርጹን እንደ መመሪያው አድርጊው። ቃሉን ግን አንዲት ቃል እንዳትነኪ! ማኅተም ያረፈበት ቃል ነው። አንዲት ቃል ብትቀነስ፣ አንዲት ቃል ብትጨመር፣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሰምታችኋል?» ሁለቱንም ወንዶች አያቸው። ሁለቱም መስማታቸውን ተናገሩ።

እሱ ሲወጣ ጉተማ «ጀባዱ ዘውዴ!» አለኝ፤ በርቺ ማለቱ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት በደስታ ነበር። ፀሐይዋን ብቻዋን አስቆርጬ ከግርጌ አስቀመጥኳት፤ ምንም አልጎደለባትም፣ እንዲያውም አየር አገኘች። ከሳጥኑ ትልቁን ፊደል መረጥኩ። ከዚያ ቃሉን ለመገልበጥ ማጉያ መነጽር አንስቼ በጨረሮቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

«ይድረስ ለውድ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ስለኔ አታስቢ…»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስለ አብዮቱ አንድም ቃል የለም። ስለ ምርት፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ትግል አንድም ቃል የለም። ከፀሐይዋ በላይ፣ ከማኅተሙ በታች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላል።

ሙሉብርሃንን አስጠራሁት። ጽሑፉን አሳየሁት።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይሄ እኮ ማስመሰያ ነው። ጽሑፉን በኋላ እንልካለን አሉኝ፤ ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ እጄ ያመጣልኝን ጻፍኩበት። ፖስታ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ እጄ ሌላ ምን ያውቃል?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል። ከታች ያለው ከላይ ያለው ይጽፈዋል ብሎ አለፈው፤ ከላይ ያለው ከታች ያለው ጽፎታል ብሎ ማኅተም መታበት። ጽሑፉን በኋላ እልካለሁ ያለው ሰውም ማኅተሙን ሲያይ ተላከ ማለት ነው ብሎ ተወው። በዚያ ዘመን ማኅተም ያረፈበትን ነገር ደግሞ ማንበብ፣ ማኅተም የመታውን ሰው መጠርጠር ነበር። ስለዚህ ማንም አላነበበውም።

«መልሺላቸው» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ልጄ፣ በእናትሽ፣ ጽሑፉን ይስጡን በያቸው።»

«ስመልሰው ምን ይላሉ? ይሄንን የጻፈ ማነው ይላሉ። ሙሉብርሃንን አምጡት ይላሉ። ፈተናው ደግሞ ደርሷል፣ ከአዲስ አበባም እንግዶች ሊያዩ ይመጣሉ፤ የባለፈው ዙር ገጽ ተመልሶ ይሰቀላል። እናቴ እሱ ፊት ትቆማለች።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«የታዘዝኩትን። አንዲት ቃል አልነካም።»

ጋሽ ገሠሠ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔ ግን ወደ ሙሉብርሃን ዞርኩ፤ በሰው አንገት ጀግና መሆን አልወድም። «ስዕሉ ላይ ስምህ የለም» አልኩት። «ያለው የእሱ ፊርማ ነው። አንተን ልወንጅል ካለ መጀመሪያ ያላነበበውን ማኅተም መምታቱን ማመን አለበት። ያም ሆኖ የሚደርሰው አይታወቅም። ይቅር ካልክ ይቀራል፤ አልቀየምህም።»

ልጁ ፀሐይዋን ለብቻዋ አያት። «ያስጻፉኝ እናቶች ብዙዎቹ መልስ አልመጣላቸውም» አለ። «ይግባ። ይነበብ!»

ለቀምኩት። ፊደል በፊደል፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥቡን እያቆምኩ፣ መስመሩን በክር እየለካሁ። እግዚአብሔር የሚለው ላይ ስደርስም እጄ አልፈራም። ጉተማ አተመው። ጠዋት የጭነት መኪናው መጥቶ ጥቅሉን ጫነ፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ እያለ ሊያድል ወደ ሻሸመኔ ወረደ።

ጓድ ወልደአማኑኤል የመጣው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ቅጠል አነሳ። በዚያ ትልቅ ፊደል፣ ጥቁር በነጭ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ እንኳ ሳይፈልግ አነበበው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ… ይሄ ምንድነው?»

«የርስዎ ማኅተም ያረፈበት ቃል ነዋ» አልኩት። ስዕሉን ከነማጉያ መነጽሩ ገፋሁለት። «ያመሳክሩት። አንዲት ቃል ብትጎድል ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ አልጎደለችም።»

አመሳከረ።

«ይቃጠል! የቀረው ሁሉ ይቃጠል! የሄደውም ይመለስ!»

«እሺ። ለምን እንደተቃጠለ ይጻፉና ይፈርሙልን» አልኩ። «ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶችም ነገ አዳራሹ ውስጥ ገጹ የት አለ ሲሉ እርስዎ ይነግሯቸዋል።»

አፈጠጠብኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ዓይን መስበር ከጀመርሽ መሬት መሬት ስታዪ ትኖሪያለሽ። «አንቺን አሳይሻለሁ» አለና ሳይፈርም ወጣ። አሳየኝም፤ በዚያው ሳምንት ከፊደል ሳጥኔ አንስተው ወረቀት ቆረጣ አስገቡኝ፣ ጓዲት ዘውድነሽ ግለሂስ ታድርግ ተባለ፣ አላደረግኩም። ደግ አደረግኩ።

በማግስቱ የቀበሌያችን አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጓድ ወልደአማኑኤል ከጎናቸው፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ገጹ ከመድረኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከግርጌው ቀይ ፀሐይ፣ ከላዩ ጥቁሩ ጽሑፍ። ገና አልተነበበም። የተሰበሰበው ሰው ወደ ገጹ ሳይሆን ወደ እንግዶቹ ነበር የሚያየው።

«ጓዲት ተሻለች!»

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና ከመስመሩ ላይ ቆመች። ዓይኗን ልትጠርግ እጇን አነሳች፤ ከዚያ አወረደችው። አላስፈለጋትም።

«ይድረስ፣ ለውድ፣ እናቴ» አለች።

እንግዶቹን ሲያይ የነበረው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ገጹ አዞረ። እናቴ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንደገና ወደ ገጹ ተመለሰች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተቆረጠም።

«ለጤናሽ፣ እንደምን፣ ከርመሻል? እኔ፣ ካንቺ ናፍቆት፣ በስተቀር፣ እግዚአብሔር፣ ይመስገን፣ በጣም፣ ደህና ነኝ።»

«ተመስገን!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ሳታስበው። ልጇ ከአለማየሁ ጋር ነበር የሄደው።

«ተመስገን!» አለች ሌላዋ። ከዚያ ያዳራሹ እናቶች ሁሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ኦርቶዶክሱም እስላሙም፣ ባማርኛም በኦሮምኛም፣ ልጁ ደህና ነኝ እንዳለው ሰው ሁሉ አመሰገኑ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምታለቅስ ነበረች። ቆሞ የሚያጨበጭብ ነበረ። ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል፤ ከሱ ወገን ማን ግንባር እንዳለ፣ ማን እንደሚጽፍለት እንጃ። እኔ ካለሁበት ቆሜ እንባዬን አፈሰስኩት፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጓድ ወልደአማኑኤል ብድግ አለና እጁን ዘረጋ። «በቃ! ይበቃል፣ ጓዲት! አልፈሻል፣ አልፈሻል፣ ተቀመጪ!»

እናቴ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ፊቷን እንኳ አላዞረችለትም፤ ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር አነሳች።

«ቆይ እስቲ አንተ» አለችው። «አልጨረስኩም።»