የከሰዓቱ ማደንዘዣ

«አፍዎን ሰፋ ያድርጉት» አለ ዶክተር ፍቃዱ።

ሠናይት ከፈተች። ግራ ጉንጯ አብጦ ሕመሙ ጆሮዋ ድረስ ይወጋታል። ከወንበሩ አጠገብ ያለው መትፊያ ላይ የፊተኛው ሰው ደም ሳይታጠብ ደርቋል። የግል ክሊኒክ ንጹሕ ነው ያለው ማን ነው?

ጠዋት የጤና መድኅን ካርዷን ይዛ፣ ከሩቅ ገጠር፣ ከደካ ከመጡት ከጋሽ ገብረሚካኤል ኋላ፣ በመንግሥት ሆስፒታሉ ጥርስ ክፍል በር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ ነበር። የካርድ ክፍሏ ልጅ ብቅ አለችና፣ «ማደንዘዣ አልቋል። ያለ ማደንዘዣ የሚነቀል ይግባ» አለች። ማን ይገባል! ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር ፍቃዱ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግል ክሊኒካቸው ይገኛሉ» ብላ ጨመረች። ሰልፈኛው እንዳለ ወደዚህ ተገለበጠ።

«ይሄ ይነቀላል» አለ ዶክተሩ። «ሁለት ሺህ ብር። ማደንዘዣው ለብቻው ስምንት መቶ።»

«ለብቻው?»

«መድኃኒት የለም እኮ እትዬ! በስንት መከራ ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ነው።»

መርፌውን ሊሞላ ዘወር ሲል ሠናይት ቀና አለች። መደርደሪያው ላይ ያለው ካርቶን በቀይ እስክሪብቶ «ጊዮርጊስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወይ ጉድ! እሷ እዚሁ ቦንጋ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ዕቃ ስታወጣ በቀኑ ቁጥር ፈንታ የዕለቱን ታቦት መጻፍ ልማዷ ነው። ባልደረቦቿ «መድኃኒቱንም ለታቦት አስገባሽው?» እያሉ ይስቁባታል። ይሄን ካርቶን በሃያ ሦስት ለመንግሥት ሆስፒታሉ ጥርስ ክፍል ያወጣችው ራሷ ናት። ጠዋት «አልቋል» ሲባል ሕመሙ አላሳስብ ብሏት ነበር እንጂ፣ ዛሬ ገና ሃያ ስድስት ነው።

ምራቋ መረራት። እንትፍ አለች።

«ይሄ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የደሀ መድኃኒት ትሸጣለህ? አይቀፍህም?»

ፍቃዱ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ሳቅ አለ። ሳቁ ከጥርሷ መግል ይብስ ነበር።

«ኧረ እትዬ፣ የቤት ሰው ኖት ለካ! ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? እርስዎማ አይከፍሉም፤ ሁሉም ነፃ። በሉ ይጋደሙ።»

የተሞላው መርፌ እጁ ላይ ነው። ጥርሷ ልቧ ድረስ ወጋት። እውነት ለመናገር፣ መጋደም አማራት፤ እንዲያ ስላማራትም ራሷን ተጸየፈች።

ከመጋረጃው ወዲያ ጋሽ ገብረሚካኤል ገንዘብ ተቀባይዋን ሲለምኑ ይሰማል። «ልጄ፣ የያዝኩት ሺህ ብር ብቻ ነው። ቡናው ገና አልተሸጠ። ታዲያ ደካ ደርሼ እስክመለስ ስንት ቀን ነው?»

ሠናይት ከወንበሩ ወረደች። ካርቶኑን ከመደርደሪያው አንሥታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና መጋረጃውን ገለጠችው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ የጠዋቱ ሰልፈኞች ናቸው።

«ጋሽ ገብረሚካኤል፣ ይግቡ» አለች ጉንጯን ደግፋ። «ዶክተር ዛሬ ነፃ ነው ብለዋል። ካርድ የያዛችሁ በሙሉ በጠዋቱ ተራ ተከተሉ። ማደንዘዣው እኔ ጋ ነው፤ እኔ መጨረሻ ነኝ።»