አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር

አባቴ የሚኖረው ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ውስጥ ቦዩ ዳር፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ቤት ነው። ጉልበቱ ደረጃ አያስወጣውም። አምና የዝናቡ ውሃ ገብቶ ምንጣፉን ሲያርስበት ሳንባው ታመመ። ሐኪሙም ቁርጡን ነገረን፤ ውሃው ዳግም ከገባ አባቴ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይሄዳል። አባቴ ደግሞ ከዚያ መቃብር ይሻለኛል ባይ ነው።

የእኔ እንጀራ ይኸው ውሃ ነው። በቧንቧና በቦይ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑዴን ሠውቼ የጣሪያውን ስፋትና የዝናቡን ኃይል አስገብቼ አሰላሁ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የዝናቡን ውሃ የሚያስወግደው፣ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው የጓሮ ቧንቧ ወጥቶ ሃያ የሚሰፋ መግባት አለበት። ለዚያ ግን ሥሩ በሰፊው ቧንቧ መንገድ ላይ ያለው የላይኛዋ ጎረቤት፣ የወይዘሮ አሌይዳ፣ የፒር ፍሬ ዛፍ መቆረጥ ነበረበት።

እኛ አገር በጋራ ሕንፃ ላይ ሁሉም ሳይስማማ ምስማር አይመታም። አባቴ ቤት ተሰበሰብን። ወይዘሮ አሌይዳ ለየሰዉ አንድ አንድ ብስኩት አድለው የብስኩቱን ጣሳ ከደኑ። እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ውሃውን በቀለም የሚያሳየውን ሥዕል አሳየኋቸው።

“ውይ፣ ቀዩ ሲያምር!” አሉ ወይዘሮ አሌይዳ።

“ወይዘሮ አሌይዳ፣ ቀዩ እኮ አባቴ አልጋ ሥር የሚገባው ውሃ ነው።”

“ቢሆንም ያምራል።”

ሦስተኛው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ጎቨርት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እኛ አሥሩ ይበቃል እንላለን፤ አንቺ ሃያ ትያለሽ። እንግዲህ አስታራቂ ሐሳብ ላምጣ፤ አሥራ አምስት ይሁን። ዛፉም ይተርፋል።”

“አቶ ጎቨርት፣ ውሃ ሽማግሌ ይሰማል እንዴ? አሥራ አምስቱ እኮ ሃያው የሚያሳልፈውን ግማሽ እንኳ አያሳልፍም!”

ወጥ ቤት ሮጬ አንድ ብርጭቆ እርጎ ከቀጭንና ከወፍራም መምጠጫ ጋር አመጣሁ። “እስቲ በሁለቱም ይምጠጡት” አልኳቸው። በቀጭኑ ፊታቸው እስኪቀላ ቢስቡ ጠብ የሚል ጠፋ፤ በወፍራሙ ግን እርጎው ሽቅብ መጥቶ ጢማቸውን ቀባው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም በቃ ገባቸው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

“ገባኝ፣ ገባኝ” አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። “ስለዚህ መካከለኛ መምጠጫ እንፈልጋለን ማለት ነው!”

ደሜ ፈላ። ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ሙሉ የተማርኩትን በእርጎ አስረድቼ ሰውየው አሁንም ያስታርቀኛል! ድምፄን ከፍ ሳደርግ አባቴ “ልጄ፣ ተይ” አለኝ። ከዚያ ለአሥራ አምስቱ እጅ ወጣ። የአቶ ጎቨርት፣ የወይዘሮ አሌይዳ፣ በመጨረሻም የአባቴ። እኔ ባለቤት ስላልሆንኩ ድምፅ አልነበረኝም።

አሥራ አምስቱ ተቀበረ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ያ ዝናብ መጣ፤ ውሃው በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማፍሰሻ ሽቅብ ገነፈለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ባልዲ ይዘው፣ ቦት ጫማ አድርገው ደረሱልን። እስከ ጉልበታቸው ገብተው እስኪመሽ ቀዱ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ መጥላት እንኳ አልቻልኩም።

“በአሮጌው ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር” አሉ አቶ ጎቨርት። እውነታቸውን ነው። ባልዲውን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም።

የአባቴን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ስከት አላስችል አለኝ።

“አባዬ፣ ለምን እጅህን አወጣህ? ስሌቴን አላመንከውም?”

“አመንኩት እንጂ። ልክ እንደሆንሽማ አውቅ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ዛፋቸውን አስቆርጬ በየጠዋቱ በምን ዓይኔ ደህና አደሩ ልበላቸው? ዝናብ አንዳንዴ ነው ልጄ፤ ጎረቤት የዕለት ተዕለት ነው።”

ሻንጣውን ዘጋሁ።

አረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ያለው አዲሱ ክፍሉ አሳንሰር የሚያደርሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረቅና ሙቅ ነው። በሩን ከፍቶ ይቀመጥና በኮሪደሩ ለሚያልፍ ሁሉ ደህና አደሩ ይላል። እስካሁን ቆሞ የመለሰለት የለም።