ቅርጫ በውርጭ

ይገዙ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትልቅ የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው። ከመጋዘኑ ግን አፉ ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በፊት የመብራት ዋጋው እንደ ገበያው በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ የሚል ውል ፈረመ፤ ዋጋው ሲወርድለት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ለቅሶ ቤት ያላወራበት ቦታ አልነበረም። በቁርጥ ዋጋ የሚከፍለውን ሁሉ ሞኝ ያደርገዋል። ጀርመንታውን ውስጥ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ያላቸው አቶ አበጀ ብቻ፣ «የሰማይን ጠባይ አምኖ የሚፈርም ሰው ካንተ በቀር አላየሁም» እያሉ በሰው ፊት ያሸማቅቁታል።

በፈረንጆቹ 2014፣ ልክ በእኛ ገና ዋዜማ፣ ሰማዩ ጠባዩን ለወጠ። ከወደ ሰሜን የመጣው ውርጭ አጥንት ይሰብራል። አገሩ ሁሉ ማሞቂያውን ለቀቀ፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹም አንዳንዶቹ በብርዱ ቆሙ። ልጁ ሃኒ ከምትሠራበት የመብራት ኩባንያ ኮል አደረገችው።

«አባዬ፣ ነገ ሞርኒንግ የመብራቱ ፕራይስ ፎርቲ ታይምስ ይሆናል። ፍሮም ሰቨን ቱ ናይን ኮምፕረሰሮቹን ተርን ኦፍ አድርጋቸው።»

«ሥጋው ይበላሽብኛል እኮ።»

«ኖ፣ በሩ ከተዘጋ ምንም አይሆንም። ጀስት ዶንት ኦፕን ዘ ዶር።»

ችግሩ በሩ ነበር። በነጋታው ማለዳ፣ ልክ በዚያ ሰዓት፣ ሠላሳ አባወራ በአቅራቢያው ካሉት ከአሌክሳንድሪያም ከፔትዎርዝም ለቅርጫ ይመጣል። የሦስት በሬ ሥጋ የተሰቀለው እመጋዘኑ ውስጥ ነው፤ መደቡ የሚደለደለውም እዚያው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ቅርጫ ደግሞ በሁለት ሰዓት አልቆ አያውቅም። ሽንጡ እዚህ በዛ፣ ጎድኑ እዚያ አነሰ ሲባል ይረፍዳል። በሩ እንደተከፈተ ማሽኖቹን በአርባ እጥፍ ዋጋ ካስሮጣቸው የወራት ትርፉ በአንድ ጧት ተጠርጎ ይሄዳል፤ መጋዘኑን መዝጋቱ ነው።

ሰዉን እንዳይቀር አድርጎ የጠራው ራሱ ነውና አትምጡ ወይም አርፍዳችሁ ኑ እንዳይል ይሉኝታ ያዘው። ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ሊዋሽም አሰበ። ግን ማሽኑ ከተበላሸበት መጋዘን የወጣ ሥጋ ማን ይበላል? እውነቱን መናገር ደግሞ ለአቶ አበጀ ምላስ ራስን ማስረከብ ነው። በጭንቀት ሲገላበጥ ነጋ።

አስቀድሰው የመጡት አባወራዎች በጋቢያቸው ላይ ካፖርት ደርበው በሩ ላይ ተኮለኮሉ። አቶ አበጀ ከፊት ናቸው። ያ የይገዙ ወሬኛ አፍ እንደዚያን ቀን ከብዶት አያውቅም።

«በሩን ከፍቼ ማቆየት አልችልም» አለ ይገዙ። «ማሽኑ ደህና ነው፤ ሥጋውም ደህና ነው። ጉድ የሠራኝ ያ ስመካበት የነበረው ውል ነው። ዋጋው ዛሬ አርባ እጥፍ ሆኗል።» ይህን ብሎ አንገቱን ደፋና የሰዉን ሳቅ ጠበቀ።

የሳቀ የለም። ሙላቱ የሚባለው የታክሲ ሹፌር እጁን እያሻሸ፣ «ውጪውስ ከውስጡ አይብስም እንዴ?» አለ። ይብሳል። አቶ አበጀ የመደልደያውን ጠረጴዛ በአንድ በኩል አንስተው ወደ ፓርኪንግ ሎቱ ይጎትቱት ጀመር። ሰዉ ተረባረበ፤ ሥጋው በአንድ ትንፋሽ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ ኮምፕረሰሮቹ ጸጥ አሉ።

እንደዚያ ያለ ቅርጫ ታይቶ አይታወቅም። ነፋሱ ጆሮ ሲቆርጥ ሽንጥ የሚለካ ጠፋ። ሌላ ጊዜ መደቡን ሦስቴ ዞረው ካላዩ የማይረኩት ሰዎች ዕጣ የጣለላቸውን አፍሰው ወደየመኪናቸው ሮጡ። በጉበቱ እንኳ ማንም አልተጣላም። ሃያ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ይገዙን ከደስታው ብዛት እንባ እንባ አለው። አቶ አበጀን እስከ መኪናቸው ሸኛቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳያሳፍሩኝ ስላለፉ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔም ማጠቢያ ዛሬ ዝግ ነው» አሉት። «መስከረም ላይ ያንኑ ውል ፈርሜያለሁ፣ አንተን ሰምቼ። ለማንም እንዳትናገር።»