የክፉ ቀን ገንዘብ

ጋሼ ደሞዟን በእጥፍ ጨመሩላት። ጠዋት፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ሳትጠይቃቸው።

"ቁጭ በይ" አሏት። ቁጭ አለች። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥተው ወደሷ ገፉት። በኮምፒውተር የተጻፈ ውል ነው፤ ማህተም ሁሉ አለው። ደሞዟ እጥፍ፣ ከዓመቱ ትርፍ ደሞ ሩቡ የሷ። ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ፊርማቸው ብቻ ተንጋዷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

"የጥርስ ክሊኒኩ እሰጥሻለሁ ያለሽን ሰምቻለሁ" አሉ። "ይሄ ይበልጣል። አትሂጂብኝ።"

እሷ ግን ልትሄድ አልነበረም። የመጣችው ክሊኒኩ ጠርቶኝ ነበር፣ አልሄድም ብያለሁ ልትላቸው ነው። መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምትነግራቸው፣ እሳቸውም እንዴት እንደሚስቁ እያሰበች ነው የመጣችው። አፏን ሳትከፍት መሳቢያው ተከፈተ።

"ምነው፣ አነሰ?"

"አላነሰም ጋሼ።"

"እንግዲያ ፈርሚያ።"

"ላስብበት" አለች፤ ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ወረቀቱን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቤቱ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ነው። የሚነቀልበት አይደለም፣ የሚሠራበት። ጥርሱ ያለቀበት ሰው የድዱ ልክ በጄሶ ይወጣል፤ ጥርሶቹ አንድ ባንድ ሰም ላይ ይደረደራሉ፤ ሰውዬው ለክቶ ከተስማማው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ድድ የሚመስል ቀይ ፕላስቲክ ይተካበታል። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው። ጋሼ ባለቤቱ፣ እሷ ደርዳሪ፣ ሌላው ያለቀለትን ጥርስ በሞተር የሚወለውለው ሰውዬ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ብናኝ ለብሶ ስለሚውል አቧራ ነው የሚባለው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ እሱም የረሳው ይመስላል።

ሙያውን ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ስትገባ ወለል ጠራጊ ነበረች። አንድ ቀን መሬት የወደቁትን ጥርሶች ለቅማ፣ የፊቱን ከፊቱ፣ ክራንቻውን ከክራንቻው፣ መንጋጋውን ከመንጋጋው ለይታ መስኮቱ ላይ ደርድራ አገኟት። መጥረጊያውን ተቀብለው የሰም ቢላዋ አስያዟት። "ልክክ ያለ ጥርስ ውሸት ነው" ይሏት ነበር። "አንዷን ትንሽ አጣሚያት። ሰው የሚያምነው ጠማማዋን ነው።"

እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣው ጥርስ ሁሉ የሷ ሥራ ነው፣ ስሙ የጋሼ። ለማንም ተናግራ አታውቅም። አባት አይታማም።

ታዲያ ምን ያሳስባታል? መፈረም ነው እንጂ። የተጨመረላት ሰው ደስ ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሹፌር ነበር። ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ቀጥሎ ጫማውን ማሰር አቃተው፤ ሲታይ የልቡ አንዱ በር አልዘጋ ብሏል። በመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ጥገናው ተራ ሰባት ወር፣ ለከፈለ በግል ሆስፒታል በሳምንቱ። ያላቸውን ሸጡ። ቴሌቪዥኑን፣ ቀለበቶቹን፣ የአማቷን አልጋ ሳይቀር። ግማሹ ሞላ። ለቀሪው ጋሼን ለመነች፤ ብድር፣ ከደሞዟ እየተቆረጠ የሚመለስ።

ጋሼ የጋዋናቸውን ኪስ ገልብጠው አሳዩዋት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። "ቤቱ ባዶ ነው ልጄ። ቢኖረኝ ለሱ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?" አሉ። እሷ አጽናንታቸው ወጣች። እሷ፣ እሳቸውን።

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ጋሼ አለቀሱ አለችው። ባሏም፣ "ቢኖራቸው አይጨክኑም" አለ። "እኔ ብኖርም ባልኖርም እኚህን ሰው እንዳትተያቸው።" በአምስተኛው ወር ሞተ። ተራው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው።

ከዚያ ወዲህ አማቷ እሷ ጋር ናቸው። ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ሌላ ቤትም የላቸውም። ጠዋት ጠዋት የሚመርቁት ሰው ሲያልቅ ጋሼ ላይ ይደርሳሉ፤ "ለልጄ ያለቀሰ ሰው ነው" እያሉ። ዛሬ የክሊኒኩን ነገር ስታነሳባቸው ደንግጠው፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳያሰኝሽ" አሏት። አልሄድም እማዬ ብላ ስቃ ነው የወጣችው።

ረፋዱ ላይ ጡረታ የወጡ መምህር ጥርስ ሊለኩ መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ የሰሙን ጥርስ አፋቸው ከተው፣ መስታወቱን ፊታቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆዩ።

"አልወደዱትም?" አለቻቸው።

"ያምራል። ግን እኔ አይደለሁም" አሉ። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ ፈረሱ ነበር የሚሏቸው። ያኔ ያናድዳቸው ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ሽማግሌው ይላቸዋል። "እባክሽ ልጄ፣ ፈረስነቴን መልሺልኝ።"

ሰሙን በእሳት አለስልሳ ሁለቱን የፊት ጥርሶች ሳብ አደረገቻቸው፤ አንዷን ትንሽ አጠመመቻት። መምህሩ መስታወቱን እንደገና አነሱ፣ ሳቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲወጡ የጋሼን በር አንኳኩተው፣ "እጅዎ ይባረክ" ብለው ሄዱ። ጋሼም አሜን አሉ።

አቧራ ሞተሩን አጠፋ። "ታዲያስ፣ ግብዣው የታል?"

"የምን ግብዣ?"

"የጭማሪው ነዋ። ለጋሼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ትናንት ከዚያች ከክሊኒኩ ዶክተር ጋር በስልክ ስታወሪ ሰማሁ።" አላፈረም። "ለራሴ ብዬ ነው። አንቺ ከሄድሽ ምን ልወለውል ነው? የጋሼን ራስ?" ጋሼ መላጣ ናቸው።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠውን ነገር አሁን አወጣችው።

"ገንዘቡን ከየት አመጡት?"

"ከየት ያመጣሉ። አላቸው እኮ። የእናታቸውን ቤት የሸጡበት። ባንክ ድረስ ቦርሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ትከሻዬ ተገነጠለ። ለአንድ ሻይ እንኳን እጃቸውን አልዘረጉም። ሰው እንዳይሰማ ብለውኝ ነበር፤ አሁንማ ላንቺው ወጣ፣ ምን ሚስጥር አለው።"

"መቼ ነው የሸጡት?"

"ያ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ። ጠጋኞቹ ሳይመጡ።"

እሷ ጋሼን የለመነችው ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ ነው። አዲሱን ቆርቆሮ ሽቅብ እያየች ነው የለመነቻቸው፤ ፊታቸውን ማየት አፍራ። አቧራ መለመኗን አያውቅም፣ ማንም አልነገረውም። ፊቷን አይቶ ግን የሆነ ነገር እንደሰበረ ገባው። "ምን አልኩ?" አለ።

"ምንም።"

ሞተሩን አስነሳ። የሚወለወል ነገር እጁ ላይ አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጋሼ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያልተፈረመ መሆኑን አዩ።

"ጋሼ፣ ያኔ ነበረዎት?"

ያኔ መቼ ነው አላሉም። ኩባያውን አስቀመጡት፤ ሻዩ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ።

"ነበረኝ" አሉ።

እሷ ቆማ ቀረች።

"እጄ የጀመረኝ ያን ሰሞን ነው" አሉ። "ቢላዋ መያዝ አቃተኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ነገ ማን ያጎርሰኛል ብዬ ፈራሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

"የኔው ቀንስ ምን ነበር ጋሼ?"

ጋሼ የፈሰሰውን ሻይ በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉ። "ሰባት ወር ስትዪኝ ተራው ይደርሳል መሰለኝ" አሉ። "እውነቴን ነው፣ ይደርሳል መሰለኝ።"

አመነቻቸው። ክፋቱ እሱ ነው። ሌባ ቢሆኑ፣ ጨካኝ ቢሆኑ ትጠላቸውና ትገላገል ነበር። እሳቸው ግን የፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ፍርሃታቸውን ገንዘብ አድርገው ባንክ አስገቡት፤ ባሏ ደሞ በዚያ ሂሳብ ሞተ። እሱም ቢሆን ያን ቀን ቤት ይዛ በገባችው ወሬ ተጽናንቶ ነው የሞተው። ውሸቱ የጋሼ ነው፣ ተሸክማ ያደረሰችው ግን እሷ ናት።

"ግማሹን ውሰጂ" አሉ ጋሼ። "ከትርፉ ሩብ አይደለም፣ ግማሹን። ቤቱንም በስምሽ አደርገዋለሁ። ስሜን አውርደሽ ያንቺን ስቀዪ።" በተናገሩ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ትናንት ይሄን ቢሏት እግራቸው ላይ ትወድቅ ነበር። ትናንት አንድም ሳይጨምሩ ዝም ቢሉ ደሞ እዚሁ ታረጅ ነበር።

"አይጨምሩብኝ ጋሼ" አለች። "ይብቃዎት።"

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የመምህሩ ጥርስ ነበር የቀራት፤ እሳቸው ምን አደረጓት። ድዱን አስተካከለች፣ ጠማማዋን ጥርስ ደግማ አየቻት፣ ሰሙን በጨርቅ አለሰለሰች። የሚቀረው ማቅለጡና መወልወሉ ነው፣ እሱን አቧራ ይችላል። አቧራ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ "በኔ ነው እንዴ የምትሄጂው?" አላት። በማንም አይደለም አለችው። ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። የጋሼ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። አልጠሯትም።

መንገድ ላይ ቆማ ለዶክተሯ ደወለች። ዶክተሯ ቶሎ አነሳች፣ ደስም አላት፣ ለአሠሪሽ የአንድ ወር ጊዜ ትሰጫቸዋለሽ አይደል ብላ ጠየቀች። ነገ ልምጣ አለቻት። ዶክተሯም ሌላ ሳትጠይቅ፣ "ነይ" አለች።

ቤት ስትደርስ አማቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ቀና አሉ።

"ነገርሻቸው? ደስ አላቸው?"

"ለቀቅኩ እማዬ።"

አልገባቸውም። ደግማ ነገረቻቸው። ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱት።

"ልጄ ምን ብሎሽ ነበር የሞተው?"

"እንዳትተያቸው ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያስ? ምን አደረጉሽ?"

አፏ ላይ ደረሰ። ነበራቸው እማዬ። ሌላ ምንም ማለት አያስፈልጋትም። አማቷን አየቻቸው። አልጋቸውን ሸጠው መሬት ላይ የሚተኙ ሴት ናቸው። መንገድ አልነበረም፣ ያለንን ሁሉ አደረግን፣ ያልቻለ ሁሉ አለቀሰልን እያሉ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ሌላ መተኛ የላቸውም።

"ምንም አላደረጉኝም" አለች። "ክሊኒኩ ብዙ ይከፍላል።"

"ለገንዘብ?"

"አዎ። ለገንዘብ።"

አማቷ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"እንኳንም ልጄ ይሄን ሳያይ ሞተ" አሉ።

ጫማዋን አወለቀች። አጠገባቸው ቁጭ አለች፣ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችና ሩዙን መልቀም ጀመረች።